ከመጀመሪያው የፈተና ድንጋጤ በኋላ፦ በራስ መተማመንን ግቢ ውስጥ መልሶ መገንባት

በየዓመቱ የመጀመሪያው የአጋማሽ ፈተና ውጤት ሲወጣ የተማሪዎች ክሊኒክ ይጨናነቃል። ካርድ የሚያወጡት ተማሪዎች «ጨጓራዬ ነው»፣ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል» ይላሉ። ሕመማቸው የእውነት ነው፤ ማንም አያስመስልም። ነርሷ ግን ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ካፌ ገብተው ይበሉ እንደሆነ፣ በቅርቡ ምን እንደገጠማቸው ስትጠይቅ እንባቸው ይቀድማቸዋል። ከዚያ ኮሪደሩን አሻግራ ወደ እኔ ቢሮ ትልካቸዋለች። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው ያን ኮሪደር ለመሻገር ለሚያመነቱት ነው፤ የሚያመነቱት ከሚሻገሩት ይበዛሉና።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሰርተፊኬታችን ላይ አማካይ ውጤት ብቻ ሳይሆን ደረጃም ይጻፋል፦ ከ62 ተማሪ 1ኛ፣ ከ58 ተማሪ 2ኛ። ጎረቤቱ ልጁን የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው፤ ልጁም ራሱን የሚያውቀው በዚያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከየወረዳው የመጡ አንደኞች በአንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ፤ ደረጃ የሚባለውም ነገር ይቀራል። ከ30 በሚታሰብ ፈተና 11 ያገኘ ልጅ ያጣው ነጥብ ብቻ አይደለም። «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰጥ የኖረውን መልስም አብሮ አጥቷል። «አይዞህ፣ ትችላለህ» ስንለው የማይሰማን ለዚህ ነው።

አንዳንዶቹ ደግሞ «እዚህ የገባሁት በስህተት ነው፤ አንድ ቀን ይታወቅብኛል» ይሉኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ ማለትም ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ፈተና አልፎ በስህተት የሚገባ ሰው የለም። በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ትምህርት በኩል የገባችሁም ብትሆኑ እንደገና ተምራችሁ፣ እንደገና ተፈትናችሁ ነው የገባችሁት፤ ይህ የሚያስከብር እንጂ አንገት የሚያስደፋ ታሪክ አይደለም። ስሜቱ ራሱ በጥናት የታወቀ ነው። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል፤ ያጠኗቸውም ሴቶች በትምህርታቸውና በሥራቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ።

ከመፈክር ሳይሆን ከማስረጃ ጀምሩ

የዶርም ግድግዳ ላይ «እችላለሁ» ብሎ መለጠፍ የተለመደ ነው። የለጠፈውን ሰው አልነቅፍም፤ ግን ብቻውን አይሠራም፤ አንዳንዴም ይጎዳል። በ2009 እ.ኤ.አ. በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰዎች ለራሳቸው እየደጋገሙ እንዲናገሩ አድርገው ነበር። ለራሳቸው ቀድሞውኑ መልካም ግምት የነበራቸው ጥቂት ቀለል አላቸው፤ ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ባሰባቸው። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም። ውስጣችን የማያምነውን ነገር ጮክ ብለን ስንናገር ውስጣችን መልስ ይሰጣል፦ «ውሸት ነው፤ ያንን ፈተና አስታውስ።»

የሥነ ልቦና ባለሙያው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰው «ይህን መሥራት እችላለሁ» ብሎ የሚያምነው ከአራት ምንጮች ተነሥቶ ነው፦ ራሱ ሠርቶ ከማየት፣ እሱን የመሰለ ሰው ሲሠራ ከማየት፣ ከሚያምነው ሰው ማበረታቻ ከመስማት፣ እንዲሁም የራሱ ሰውነት ከሚነግረው ስሜት። ከአራቱ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ ይህ እምነት በጅምላ አይመጣም፤ ለአንድ የተወሰነ ሥራ ነው። ስለዚህ «በራሴ እንድተማመን ምን ላድርግ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ተማሪ «በምን በምን ሥራ?» ብዬ እመልስለታለሁ። በካልኩለስ? በእንግሊዝኛ በመናገር? ዶርም ውስጥ የማይመቸውን ነገር «አይመቸኝም» በማለት? እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ መፍትሔውም ለየብቻ ነው።

መጀመሪያ የፈተና ወረቀታችሁን አስመልሱ። መምህሩ ወረቀቱን ካልመለሰ በቢሮ ሰዓቱ ሄዳችሁ «የተሳሳትኩትን ለማየት ነው» በሉ፤ «ነጥብ ጨምሩልኝ» ሊሉ የሚመጡት ብዙዎች ናቸውና እንዲህ የሚል ተማሪ ሲመጣ አብዛኛው መምህር ደስ ይለዋል። ከዚያ በደብተር ባዶ ገጽ ላይ ሦስት ዐምድ አስምሩና የጠፋውን እያንዳንዱን ነጥብ በየቦታው አስገቡ፦ «ጨርሶ አላውቀውም ነበር»፣ «አውቀው ነበር፣ ጥያቄው አልገባኝም»፣ «ጊዜ አልበቃኝም»።

ይህን ከአንዲት ተማሪ ጋር ስንሠራ የነበረውን ልንገራችሁ፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ። የሒሳብ ውጤቷ ከ30 11 ነበር። ስትገባ የነገረችኝ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም፤ ዲፓርትመንት ሳልመርጥ ወደ ቤት ልሂድ» የሚል ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋን። ከጠፉት 19 ነጥቦች ውስጥ 8ቱ ያልደረሰችበት የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበሩ። 6ቱ የጠፉት ጥያቄው በእንግሊዝኛ «አረጋግጪ» ያለውን «አስዪ» ብሎ መስሏት ቁጥር በመፈለጓ ነው። በእውነት ያላወቀችው የ5 ነጥብ ብቻ ነበር። ለጊዜው ከእርሳሱ ቀና አላለችም። ቀጥሎ ያለቀሰችው ለቅሶ ግን ስትገባ ያለቀሰችውን ዓይነት አልነበረም። «አልችልም» የሚለው አንድ ትልቅ ፍርድ ወደ ሦስት ሥራዎች ተለወጠ፦ በሰዓት እየተለካ መለማመድ፣ በፈተና የሚመጡ የእንግሊዝኛ ትእዛዛትን መዝግቦ ማጥናት፣ አንድ ምዕራፍ ደግሞ ማንበብ። ለሦስቱም ቀን ቆረጥንላቸው።

ያንኑ ደብተር አታስቀምጡት። በየማታው ከመተኛታችሁ በፊት በዚያ ቀን የሠራችሁትን አንድ ነገር ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉበት፤ የተሰማችሁን ሳይሆን የሠራችሁትን። «ጥሩ ቀን ነበር» አይባልም። «ከአሳይመንቱ 3ኛውን ጥያቄ መልሱን ሳላይ ሠራሁ»፣ «ለላብራቶሪ ረዳቱ ጥያቄ ጠየቅሁ»፣ «ጠዋት ለቁርስ ተነሣሁ» ይባላል። የከፋችሁ ቀን ትዝ የሚላችሁ ውድቀታችሁ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን ከራሳችሁ ጋር የሚከራከርላችሁ ይህ ደብተር ነው።

ሃንድአውቱን ዝጉት

ስለ አጠናን የማነሣው ከአእምሮ ጤና ጋር የማይነካካ መስሎ ስለሚታይ፣ ነገር ግን በቀጥታ ስለሚነካካ ነው። ብዙ ተማሪ ሃንድአውቱን አራት አምስት ጊዜ ያነበዋል፤ በቀለም ያሰምርበታል፤ ገጹን ሲያየው ይለምደዋል፤ የለመደውን ያወቀው ይመስለዋል። ፈተና ላይ ሲጠፋበት «ይህን ሁሉ አንብቤ እንኳ አልገባኝም፤ ደደብ ነኝ» ይላል። ጥፋቱ ግን የጭንቅላቱ ሳይሆን የዘዴው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ሲጽፉ የነበሩት ናቸው። የሚገርመው፣ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው።

ስለዚህ አንድ ክፍል አንብቡ፣ ዝጉት፣ ባዶ ወረቀት ላይ የቀራችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ከፍታችሁ አነጻጽሩ። መጀመሪያ ላይ ይከፋል፤ ባዶው ወረቀት ያሳፍራል። ግን እፍረቱ ላይብረሪ ውስጥ ብቻችሁን ሳላችሁ ይምጣ እንጂ ፈተና አዳራሽ አይጠብቃችሁ። በአንድ ለአምስት ቡድን የምታጠኑ ከሆነ ደግሞ ጎበዙ ሲያስረዳ ማዳመጥ ብቻ አይበቃም። ትንሽም ብትሆን አንዷን ክፍል «እኔ ላስረዳ» ብላችሁ ውሰዱ።

አፍ ለመክፈት

ገና ሲገቡ በጣም የሚፈሩት ነገር ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ መናገር ነው። ከዚህ የሚከብድ ሸክም ያለባቸውም አሉ፦ አማርኛም ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ዶርም ውስጥ እንኳ ሲናገሩ የሚሳቅባቸው። ለምትስቁ ልጆች በግልጽ እላለሁ፦ ሁለት ሦስት ቋንቋ እየተሸከመ ፊዚክስ በሚማር ልጅ አነጋገር መሳቅ ነውር ነው፤ ልጁን ከአንድ መንፈቀ ዓመት በላይ ዝም ልታሰኙት ትችላላችሁ።

ፍርሃት የሚለቀው በምክር ሳይሆን በደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄያችሁን ደብተር ላይ ጽፋችሁ ከክፍል በኋላ ለመምህሩ ብቻ አንብቡለት። አዎን፣ አንብቡለት፤ በቃል መያዝ አያስፈልግም። ቀጥሎ በቡድን ውስጥ ተናገሩ። ቀጥሎ ከፊት ካሉት ረድፎች ተቀመጡና ክፍል ውስጥ አንዲት አጭር ጥያቄ ጠይቁ። የቡድን ሥራ አቅራቢ ስትሆኑ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በደንብ ተለማመዱ፤ ልብ አብዝቶ የሚመታው በመጀመሪያው ደቂቃ ነው። አንዱን ደረጃ እስክትለምዱት ደጋግሙት፤ ሳይለመድ ወደ ሚቀጥለው መዝለል መልሶ ያስፈራል። ከመናገራችሁ በፊት አየር በአፍንጫ ሳቡና ከሳባችሁበት በረዘመ ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ፤ ጥቂት ጊዜ ስትደግሙት የልብ ምቱ ይረጋጋል።

እናንተን የሚመስል ሰውም ፈልጉ። በዚያው ትምህርት ክፍል ሦስተኛ ዓመት የደረሰ፣ ቢቻል ከእናንተው ዓይነት ትምህርት ቤት የመጣ ተማሪ ይሁን። «እንዴት ነው የጎበዝከው?» አትበሉት። «በመጀመሪያው ዓመት ሊጥልህ የነበረው የትኛው ኮርስ ነው? ያኔ ምን አደረግህ?» በሉት። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ዋልተንና ኮኸን በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አዲስ ገቢ ተማሪዎች ነባሮቹ «እኛም ቦታው የእኛ ያልሆነ መስሎን ነበር፤ በኋላ አለፈ» ያሉትን እንዲያነቡ ተደርገው ነበር። አንድ ሰዓት ያህል በፈጀው በዚህ ሥራ የጥቁር አሜሪካውያኑ ተማሪዎች ውጤት በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ተሻሻለ። እኛ ግቢ ነባር ተማሪ አጠገባችን አለ፤ የሚቀረን መጠየቅ ነው።

እንቅልፍ፣ ቁርስ፣ ጫት

ለፈተና ሳይተኙ ማደር እንደ ጀግንነት ይወራል። ያጠናችሁት ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ ትንሹን ሥጋት ትልቅ አድርጎ ያያል። ቡና ከሰዓት በኋላ አሳንሱ፤ በውስጡ ያለው ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ። ጫት ለጥናት ብለው የጀመሩ ተማሪዎች ሲነግሩኝ የምሰማው ታሪክ ተመሳሳይ ነው፦ ሌሊቱ በሞቅታ ያልፋል፣ ጠዋት እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ምግብ አይበላም፣ በማግስቱ ድብርትና ጥርጣሬ ይመጣል፣ ድብርቱን ለማስለቀቅ ደግሞ ይቃማል። ከዚያ «በራሴ መተማመን አቃተኝ» ብለው ይመጣሉ። እንዲህ ላለ ተማሪ መጀመሪያ የማዝዘው ምክር ሳይሆን አንድ ሳምንት መተኛትና የካፌ ቁርስ ሳያመልጠው መብላት ነው። ብዙው ነገር ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ይታያል።

ለቤተሰብ መንገር

እናት ስትደውል «ትምህርት እንዴት ነው?» ትላለች፤ ልጅ «ጥሩ ነው» ይላል። በአካባቢው ገና ካሁኑ «ዶክተር» ወይም «ኢንጂነር» እየተባለ የሚጠራ ልጅ ሌላ ምን ይበል? በሬ ተሽጦ የተላከ ገንዘብ አለ፤ የሚጠብቁ ታናናሾች አሉ። ይህን ሸክም አውቀዋለሁ፤ ቤተሰቦቻችሁም ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ዝምታው ሲረዝም ውሸት እየተደራረበ ይሄድና በመጨረሻ ከውጤቱ ይልቅ ውሸቱ ያስጨንቃል።

ከቤተሰቡ የሚረጋጋውን ሰው አስቀድሙ፤ ታላቅ እህት፣ አጎት፣ የቀድሞ መምህር ሊሆን ይችላል። ለእናት ሲነገር ደግሞ አጭርና ግልጽ ይሁን፦ «እማዬ፣ ትምህርቱ ከጠበቅሁት በላይ ከብዶኛል። አማካሪ እያነጋገርኩ ነው፤ ለሚቀጥለው ፈተናም እየተዘጋጀሁ ነው። ገንዘብ አልፈልግም፤ እንድታውቂልኝና እንድትጸልይልኝ ነው።» ችግሩን፣ የያዛችሁትን መፍትሔና ከእሷ የምትፈልጉትን ካወቀች ድንጋጤዋ ይቀንሳል።

ሕመም ሲሆን

እስካሁን የጻፍኩት በራስ መተማመኑ ለተናጋ ሰው ነው። ሕመም ሲሆን ግን ደብተርና ቁርስ ብቻቸውን አይበቁም፤ የታመመን ሰው «በራስህ ተማመን» ማለት ጭካኔ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ ኀዘን ከተጫናችሁ ወይም ደስ ይላችሁ የነበረው ሁሉ ካስጠላችሁ፤ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ጉልበት ከራቃችሁ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ካቃታችሁ፣ ራሳችሁን ያለ ጥፋታችሁ ከኮነናችሁ፣ ስለ ሞት ማሰብ ከጀመራችሁ ወደ ክሊኒክ ሂዱ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ሊጎዱኝ ያሴራሉ ማለት፣ ለቀናት ሳይተኙ ያለመድከም ደግሞ ለነገ የማይባል ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመሞች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በዚሁ በእናንተ ዕድሜ ነው፤ ሕክምናው በቶሎ ሲጀመር ውጤቱ የተሻለ ይሆናል።

ክሊኒክ ስትገቡ የሚያስፈራ ነገር አይጠብቃችሁም። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአገራችንም ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ሃያ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ስላለፉት 30 ቀናት «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ትላላችሁ። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ፍርሃት፣ ለቅሶ ይጠየቃል። እንደ ሁኔታው በምክክር ትቀጥላላችሁ ወይም ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትላካላችሁ። ይህ ሕክምና አዲስ አበባ አማኑኤል ብቻ ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ ጅማንና ጎንደርን በመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም ይሰጣል። «አማኑኤል» የሚለውን ስም ለስድብ የምትጠቀሙ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት፤ አጠገባችሁ ያለው ልጅ ሕክምና ላለመሄድ የወሰነው በዚያ ሳቅ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የድብርት መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። በሁለተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት፤ ሲሻላችሁም ሐኪሙን ሳታማክሩ በድንገት አታቋርጡት። ጸበል የምትጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ ወይም የምትጸልዩ ከሆነ ቀጥሉ፤ መድኃኒቱን ግን አብራችሁ ውሰዱ። ለሐኪሙም ለሃይማኖት አባታችሁም ሁለቱን ንገሩ።

ትምህርቱን ማቆም ግድ ከሆነ ዝም ብላችሁ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ። በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ ፈቃድ ከሬጅስትራር ውሰዱና ቅጂውን በእጃችሁ ያዙ። በሥርዓት የወጣ ተማሪ የመመለሻ መንገድ አለው፤ ጠፍቶ የሄደ ግን ፈተና ቀርቶ እንደወደቀ ሊመዘገብበት ይችላል፤ ከሕመሙ በተጨማሪ ሌላ ሸክም ማለት ነው።

ጓደኛችሁ ከሆነ

ዶርም ውስጥ አልጋው ላይ የሚውል፣ ክፍል የቀረ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረ፣ «ከእኔ ብትገላገሉ ይሻላችኋል» የሚል ልጅ ካለ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቁት። በቀጥታ ጠይቁት፦ «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። ሲመልስላችሁ አትገሥጹት፣ ስለ ኃጢአትም አታስተምሩት፤ እናቱን እያነሣችሁም አታስለቅሱት። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አብሬህ እሄዳለሁ» በሉት።

«አዎ» ብሎ ከመለሰላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። «ለማንም አትንገሩ» ቢላችሁ ይህን ቃል አትግቡ። ሌሊት ከሆነ ፕሮክተሩን (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ቀስቅሱ፤ የግቢው አምቡላንስ ወይም የጥበቃ መኪና እንዲመጣ አድርጉ። ሁለታችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ የተማሪ መታወቂያውን፣ ስልኩንና የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይዛችሁ። አንዳችሁ ከእሱ ሳትለዩ ቆዩ፣ ሌላችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። በማግስቱ ለመምህራኑ «ታሟል» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩ የእሱ ነው። ያን ሌሊት አብራችሁት ያደራችሁትም በዚያው ሳምንት ወደ አማካሪ ቢሮ ኑ። ቀጠሮ አያስፈልግም፤ በሩን አንኳኩ።